ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ቅያስ

ኅዳር 9

ለተከበርከው የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻ መኖሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

አድራሻህን ያገኘሁት አባትህ ባረፈ ጊዜ ከጻፍክልኝ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተጻጻፍንም። ምናልባት ቤት ቀይረህ ከሆነ ይህን የሚያነበው ሌላ ሰው ነውና ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፣ ግን በአንድ ቤት ስላደግን ወንድምና የአጎት ልጅ መለየቱን ማንም አላስተማረንም። አንተን ያየሁህ ገና ስትድህ ነው። እኛ ከፋብሪካው ጀርባ ቤት ሠርተን የገባነው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ስለሆነ ሰፈራችንን አታውቀውም።

ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። ዕድሜዬን ከሽመና ማሽን አጠገብ ቆሜ ግራ ጆሮዬን እዚያው ትቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ቀኙም ቢሆን እንደ ስሜቱ ነው የሚሰማው። በስልክ የሰማሁ መስሎኝ “እሺ፣ እሺ” እያልኩ ስንቱን ነገር ተስማምቻለሁ መሰለህ።

የምጽፍልህ ገንዘብ ፈልጌ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ተረጋግተህ አንብብ።

ባለፈው ዓመት ምራቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለ ቀኗ ሳይደርስ ደም ፈሰሳት። አምቡላንስ ጠራን። ሾፌሩ ፋብሪካውን ይዞራል፣ ይደውላል፣ “ከፋብሪካው ጀርባ ነው” እንለዋለን፣ “ጀርባው የቱ ነው?” ይለናል። ፋብሪካ እንደ በሬ አይደለም፤ ፊትና ኋላው ለማያውቀው ሰው አይለይም። ልጄ ሮጦ ወጥቶ ይዞት እስኪመጣ ረፈደ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ደግማ ፀንሳለች፣ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ “ትንሽ ነገር ከተሰማሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ” ብሏታል። ልጄ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ያለነው እኔና እሷ ነን፤ አንዷ ነፍሰ ጡር፣ አንዷ ደንቆሮ።

ሰሞኑን በሞባይሏ ካርታ አሳየችኝ። ፋብሪካው አለ። ዋናው መንገድ አለ። የእኛ ሰፈር ግን ከፋብሪካው ግንብ እስከ ወንዙ ድረስ ባዶ ነው። አንድ መስመር እንኳን የለበትም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ማንም ባላየው ባዶ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ሲኖር ነው ለካ የከረመው። አንተ ዕቃ በየአድራሻው በሚልክ ድርጅት እንደምትሠራ አባትህ ነግሮኝ ነበር። የካርታውን ባለቤቶች ታውቃቸው ይሆናል። እባክህ እዚህ ሰው አለ በልልኝ።

ፈጣሪ በሰላም አውጥቶ በሰላም ያግባህ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 11

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ልጅዎ፣ ምራትዎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ያነበብኩትም እኔው ነኝ፤ ቤት አልቀየርኩም። ለሌላው ሰው የላኩትን ሰላምታ ግን እኔው ወስጄዋለሁ፣ ቅር እንዳይልዎት።

ስለ ልጁ አነበብኩ። ለምራትዎ ምን ማለት እንደሚገባኝ አላወቅሁምና ስለ ካርታው ልጻፍልዎት።

የካርታውን ባለቤት ፈለግሁት። ባለቤት የለውም። ካርታዎች ብዙ ናቸው፤ ይህኛው ግን ሰው ሁሉ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ነው። ተመዝግቦ የገባ ሁሉ የሚያውቀውን መንገድ ይሥላል፣ ሌላው ያየዋል፣ ስህተት ካለ ያርመዋል። ደመወዝ የሚበላበት የለም። አንዱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ብቻ ይጽፋል፣ አንዱ የውሃ ቧንቧ፣ ሌላው አግዳሚ ወንበር። የእናንተ ሰፈር ባዶ የሆነው ሰው ንቆት አይደለም፣ የጻፈው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ለማን እንንገር ማለቱን ትተን እኛው እንጻፈው።

ከሰማይ በተነሳው ፎቶ ላይ ጣሪያዎቻችሁ ይታያሉ። አንድ በአንድ መሣል ጀምሬአለሁ። ነገር ግን ጣሪያ አፍ የለውም። በመካከላቸው ያለው ጥቁር መስመር ቅያስ ይሁን የግንብ ጥላ ይሁን ከዚህ ሆኜ አላውቅም። እርስዎ እየዞሩ የሚያሳልፈውን፣ የማያሳልፈውን፣ መኪና የሚያስገባውን፣ ሰዉ ምን ብሎ እንደሚጠራውም በወረቀት ሠርተው ይላኩልኝ። ደግሞ ምራትዎ አምቡላንሶቹ በየትኛው ካርታ እንደሚሄዱ ትጠይቅልኝ።

ሥራዬ እንደተለመደው ነው። ጊዜ አላጣም።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ጥር 15

ለውድ ልጄ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የፊደል አጣጣልህ የአባትህ ነው፤ ፖስታውን ሳየው ደንግጬ ነበር።

ምራቴ ጠይቃለች። አምቡላንሶቹ የሚሄዱት በዚያው ባለቤት በሌለው ካርታ ነው፣ ኔትዎርክ ባይኖርም ይሠራል ብለው። እንግዲህ ነገሩ በእጃችን ነው ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን በደንብ ተኛሁ።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ሥዕል የእኛ ነው። እኔ እመራለሁ፣ እሷ ትሥላለች፣ ስትደክም በየሰው ደጃፍ እንቀመጣለን። ስም የሌለው ቅያስ መስሎን የገባንበት ሁሉ ስም አለው። “በዳቦ ቤቱ በኩል” የሚባለው አለ፤ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል፣ ሰዉ ግን ዛሬም በዳቦ ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው ደግሞ “የይቅርታ ቅያስ” ነው። ስሙን ለሚሰማ የተቀደሰ ቦታ ይመስላል፤ ሰው ሲተላለፍ እርስ በርሱ “ይቅርታ” ስለሚባባል ነው። ሌባ የሚያመልጥበትም አለ፣ ስሙን ግን አልነግርህም፣ ካርታ ላይ አይጻፍም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በዳቦ ቤቱ በኩል ለመኪና ይጠባል፣ አምቡላንስ ባለፈው ዓመት እዚያ ነው የቆመው። ሰፊው ከዋናው መንገድ በቀጥታ ወደ እኛ ደጃፍ የሚመጣው የኋላው ቅያስ ነው። እሱን ደግሞ ጎረቤታችን በብረት በር ዘግቶታል። ሰውዬው የመብራት ቆጣሪ እያነበበ ጡረታ የወጣ ነው፣ ሰፈሩም “ቆጣሪው” ይለዋል። በፍሳሽ ቦይ ምክንያት ከተጣላን ወዲህ አንነጋገርም። ለእግረኛ ትንሿን መዝጊያ ክፍት ይተዋታል፣ ትልቁ ግን ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው። ቅያሱ የሁላችን ነው። ስለዚህ ክፍት ነው ብለህ ጻፈው።

ይህን ሁሉ ጣሪያ የምትሥልበት ጊዜ ግን ከየት አገኘህ? አባትህ “ልጄ ለመብላት እንኳን ጊዜ የለውም” ይለኝ ነበር።

አክስትህ


የካቲት 14

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለምራትዎም እንዲሁ። ሥዕሏ በጣም ጥሩ ነው፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጣችሁበትን ሁሉ ምልክት አድርጋበታለች።

ሰፈራችሁ አሁን ካርታው ላይ አለ። ይህን ካልኩ በኋላ የሆነውን ልንገርዎት።

የኋላውን ቅያስ እንዳሉኝ ክፍት አድርጌ ጻፍኩ። በማግስቱ ሳየው ጠፍቷል። “እውነቱ ይነገር” በሚል ስም የገባ ሰው ሰርዞ “ዝግ ነው” ብሎበታል። መለስኩት። ሰረዘው። እንደገና መለስኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንገፋፋ ሰነበትን፣ በመካከሉም ደግ ያልሆነ ቃል ተለዋወጥን። በመጨረሻ ከሌላ አገር የምትኖር፣ ችግኝ በማፍላት የምትተዳደር፣ በድረ ገጹ ላይ የቆየች አንዲት ሴት ገባችብን። “ሁለታችሁም እጃችሁን አንሱ” አለች። “እዚህ የሚጻፈው መሬት ላይ ያለው እንጂ ልብ ውስጥ ያለው አይደለም። በር አለ ወይስ የለም?”

በሩ አለ። አምቡላንሱ ክፍት ነው ብሎ መጥቶ የተቆለፈ ብረት ቢያገኝ ከባለፈው ዓመት በምን ይሻላል? እኔ ከዚህ ሆኜ የምጽፈው ምኞት ነበር። ስለዚህ በር አለ፣ ተቆልፏል ብዬ ጻፍኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

“እውነቱ ይነገር” ጎረቤትዎ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ቅያሱ የሚያውቀው ብዙ ነው። በሩ ለምን እንደተሠራ ግን አልነገሩኝም።

አክባሪዎ


መጋቢት 16

ለውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ምራቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ ያብጣል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ ተናድጄ ነበር። አሁን በርዷል፣ እንዴት እንደበረደ ልጻፍልህ።

ሰፈሩ በሞባይል አንድ ግሩፕ አለው። የተከፈተው ውሃ የሚጠፋበትን ቀን ለመነጋገር ነበር። ቆጣሪው በሩን ፎቶ አንስቶ “ቅያሳችንን የሚሥሉልን ውጭ አገር ተቀምጠው ነው” ብሎ እዚያ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ከሰፈር ከወጡ ዘመን የሆናቸው፣ ቅያሱን በሕልማቸው እንኳን የማያዩት ሁሉ ከየአገሩ ፈረዱ። አብዛኛው ለእኔ ወገነ። ምራቴ ኮሜንቱን በቀኝ ጆሮዬ ታነብልኛለች፣ እኔም ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ ይለኝ ነበር። “ሌላስ? ሌላስ?” እላታለሁ።

አንድ ቀን አንዱ፣ ፊቱን የማናውቀው፣ “ሚስቱን የቀበረ ሰውዬ ለማን ብሎ ነው በር የሚቆልፈው?” ብሎ ጻፈ። ምራቴ ማንበቧን አቆመች። ከሥሩ ብዙ ሰው ስቆበታል አለችኝ። ቆጣሪው ከግሩፑ ወጣ።

ሚስቱ የሞተችው በዚያው ቅያስ ነው። ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ እየበረረ ሲያልፍ ገጭቷት። በሩ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ረስቼው አይደለም። ብነግርህ ክፍት ነው ብለህ አትጽፍልኝም ነበር።

በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተ።

“ልትጮኺብኝ ከሆነ ግሩፑ ይበቃኛል” አለኝ።

“አልጮኽም።”

“ይኸው እየጮኽሽ።”

“አልሰማም እኮ። ጆሮዬን ፋብሪካው በልቶታል። ድምፄ ምን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም።”

ቆሞ አየኝ። “ታዲያ ያን ጊዜ በቦዩ ነገር እንደዚያ ሰፈር እስኪሰማ የጮኽሽብኝ?”

“እኔ ሰላም የምለውም እንደዚያው ነው” አልኩት።

ሊስቅ ሲል ተወው። ወንበር አወጣልኝ። ስለተጻፈበት ነገር ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እኔ አልጻፍኩትም፣ ግን ሌላ ጨምሩልኝ ባይ ነበርኩ። እሱም የሚሰማልኝ ጆሮ የቱ እንደሆነ ጠይቆ፣ ወደ ቀኙ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። “ሞተረኛው ሁሉ ስልኩን እያየ ነው የሚሄደው። ክፍት ነው ብላችሁ ከጻፋችሁ በዚህ ይገባል። ካርታ ለአምቡላንስ ብቻ አይታይም።” እውነቱን ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ አንተም አላሰብከውም።

ስለ ምራቴ ነገርኩት። “ባለፈው ዓመት አምቡላንሱ ሲዞር ድምፁን እሰማው ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም” አለኝ። ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነበር።

“በሩንስ?” አልኩት።

“አስብበታለሁ” አለና ወደ ውስጥ ገባ። መዝጊያውን ግን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ጊዜውን ከየት እንዳገኘህ ዛሬም አልነገርከኝም። ሁለት ጊዜ አልጠይቅም ባይ ነኝ፣ ይኸው ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ።

አክስትህ


ሚያዝያ 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ስጨርስ የገረመኝ ከላይ እስከ ታች “እሱ” የነበሩት ሰውዬ መጨረሻው መስመር ላይ “እሳቸው” መሆናቸው ነው። እርስዎ አስተውለውት ይሁን አላውቅም።

ከ“እውነቱ ይነገር” መልእክት መጣልኝ። እንዲህ ይላል፦ “ጌታዬ፣ ለእግረኛ ክፍት፣ ለሞተር ዝግ፣ ለአምቡላንስ የሚከፈት ብለህ ጻፍ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስልኬን ግን ካርታው ላይ እንዳታወጣው፣ ግሩፑ በቅቶኛል።” እንዳሉኝ ጻፍኩ። ለካ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ምልክት አለው፤ ባለ ችግኟ ሴት አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

አሁን ስለ ጊዜው። ከመጋዘኑ ሥራ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሣጥን ሳነሳ ወገቤ ተያዘ፣ ከዚያ በኋላ መሸከም ቀርቶ ረጅም ቆሜ መዋል አልቻልኩም። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ግድግዳ እያየሁ ነበር የምውለው። ለእናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ሰው እንዳያዝንልኝ ነው። የዚህን አገር ክረምት የከረምኩት ጣሪያዎቻችሁን ስሥል ነው። የእናንተ ሲያልቅ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጀመርኩ። አሁን ወገቤ እየተሻለው ነው፣ ሐኪሙም ተስፋ ሰጥቶኛል።

የምራትዎን ነገር ወዲያው ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 3

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ቀኗ ያለፈ መሰለኝ። ደብዳቤ አልመጣም። በየጊዜው ካርታውን ከፍቼ የኋላውን ቅያስ አየዋለሁ፤ ካርታ ግን ቤት ውስጥ ያለውን አያሳይም። ክፉም ቢሆን ከእርስዎ ልስማው።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 6

ለውድ ልጄ፣

እንኳን ደስ አለህ። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህን ልጻፍልህ ብዬ ነው፦ ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፣ እናቷም ደህና ናት። አሁን ተቀመጥና ቀስ ብለህ አንብብ።

የዘገየሁት ሐኪም ቤት አስታማሚ ሆኜ ስለሰነበትኩ ነው።

ቀኗ ገና ነበር። ከምሳ በኋላ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷን ሳየው አወቅሁት። ልጄ ጭነት ይዞ ሌላ ከተማ ነው። አምቡላንሱን ራሷ ደወለች፣ እያማጠች ራሷ አነጋገረች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ከንፈሯን ነው የማየው። ስትጨርስ በጆሮዬ “ሾፌሩ የኋላ በር ይከፈታል ወይ ይላል” አለችኝ። ይከፈታል በይው አልኩና ወጣሁ። ሰውዬው ባይኖሩስ? ገበያ ሄደው ቢሆንስ? ከደጃፌ እስከ በሩ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው በነጠላ ጫማ መሐል መንገዱ ላይ ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። አምቡላንሱ ወደ ኋላ እየነዳ ሲገባ አየሁት። ማንም አልዞረም፣ ማንም “የት ነው” ብሎ አልጠየቀም። ሾፌሩ ወርዶ ስሟን ጠራ፣ ደገፏት፣ ሄድን። እኔ ውስጥ ስገባ ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ በሩን ይዘው ቆመዋል፣ አልዘጉትም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ወዲያው አስገቧትና በቀዶ ሕክምና አወለዷት። ሐኪሟ ወጥታ አንድ ነገር አለችኝ፣ አልሰማሁም። ደገመችልኝ፣ አልሰማሁም። ከዚያ ፈገግ አለች። ገባኝ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ፣ ባለፈው ዓመት ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ።

ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ ላመሰግናቸው ሄድኩ። ወንበራቸው በሩ ሥር ነው ያለው። ለካ ወሯ ከገባ ጀምሮ ቀን ቀን እዚያ ነበር የሚውሉት፣ ሲመሽም ቁልፉን ለማዶው ጫማ ሰፊ ይሰጡታል፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው። ማንም አልነገረኝም።

“ምነው እንዲህ ተቸገሩ?” አልኳቸው።

“ይከፈታል ተብሎ ተጽፏል እኮ” አሉኝ። “ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ። ታዲያ እኔ ካልከፈትኩት ማን ሊከፍተው ነው?”

ግሩፑ ላይ ምራቴ ሁሉን ጻፈችው፣ ያ ክፉ ቃል የጻፈውም ሳይቀር ይቅርታ ለጠፈ። እሳቸው ግን አልተመለሱም። ውሃ የሚጠፋበትን ቀን እኔ እየሄድኩ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ስለ ወገብህ። አሞህ ክረምቱን ሙሉ ተኝተህ እኔን “በጣም ደህና ነኝ” ትለኛለህ። ለሰው ደረስክ፣ ለራስህ ግን ሰው እንዳይደርስልህ በር ቆለፍክ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም። የኔ ልጅ እንደሆንክ ቁጠረው፣ ከዚህ በኋላ ሲያምህ ያመኛል ብለህ ነው የምትጽፈው። ቁጣዬ ይኸው አለቀ። ልጅቷ ነቅታለች፣ ልሂድ።

አክስትህ


ሐምሌ 2

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ደስ አለን። ፖስታውን ያገኘሁት ደረጃው ሥር ካለው ሣጥን ነው። እስከ ቤቴ መውጣት አልቻልኩም፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ለማንበብ ቆየሁ፤ ዓይኔ አላሳየኝም። ከላይ ፎቅ የምትኖር፣ ለስንት ጊዜ አንገቷን ብቻ ደፍታ የምታልፈኝ ሴትዮ ቆማ “ክፉ ወሬ ነው?” አለችኝ። “አይ፣ ልጅ ተወለደ” አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ንገረኝ አለችኝ። ነገርኳት። ስለ በሩ ስደርስ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለታችንም በራሳችን ሳቅን።

ቁጣዎን ተቀብያለሁ። ዛሬም ትንሽ ያመኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። ወደ ሥራ ተመልሻለሁ፣ አሁን ግን ጭነት አያሸክሙኝም። አድራሻቸው የጠፋባቸውን ዕቃዎች ቦታ መፈለግ ነው ሥራዬ። አለቃዬ “ይህን የት ተማርከው?” ሲለኝ “ከአክስቴ” አልኩት።

ለባለ ችግኟ ሴትዮ ሕፃኗ በሰላም መወለዷን ነገርኳት። አንድ ቃል ብቻ መለሰችልኝ፦ “እፎይ።” እኔም ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ዕረፍት ሰጥተውኛል፣ ቲኬትም ቆርጫለሁ። በመስከረም እመጣለሁ። ልጅዎ ሥራውን ትቶ ሊቀበለኝ እንዳይመጣ፣ እርስዎም መንገድ ላይ ቆመው እንዳይደክሙ። ዋናው መንገድ ላይ እወርዳለሁ፣ ከጫማ ሰፊው ፊት ለፊት በትንሿ መዝጊያ እገባለሁ፣ በሩ ሥር ለተቀመጡት ሰው ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ።

ልጅዎ